የጉና አፈርና የጣና ታንኳ

በወገዳ ገበያ መካከል ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው የባሕርና የታንኳ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ይመስለዋል። የስማዳ ምድር ደጋውና ገደሉ የተፈራረቀበት ስለሆነ ጭነቱ የሚጓዘው በአህያና በበቅሎ ጀርባ፣ መንገድ በደረሰበትም በጭነት መኪና ነው። ኢትዮጵያም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ የባሕር ወደብ ስለሌላት፣ አስመጪም ሆነ ላኪ ነጋዴ ባሕር ሲባል ዐሳቡ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ለስማዳ፣ ለጋይንትና ለእስቴ ነጋዴ ከጅቡቲ እጅግ የሚቀርብ አንድ ባሕር አለ፤ ይኸውም ጣና ነው። በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ብዙ ጊዜ ባሕር ብሎ ይጠራዋል፤ በስተ ደቡብ ጫፉ የተቈረቈረችውም ከተማ ስሟ ባሕር ዳር ነው።

ከደጋው የሚወርደው እህል በደብረ ታቦርና በወረታ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ፣ የሐይቁ ዓሣና የባሕር ዳር ሸቀጥ ደግሞ በዚያው መንገድ ወደ ላይ ይወጣል። ነገር ግን ደጋውንና ባሕሩን ከመንገድም ይልቅ አጥብቆ የሚያስተሳስራቸው ነገር አለ። ጋይንት፣ እስቴና ፋርጣ የሚዋሰኑበት የጉና ተራራ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በእርሱ ላይ የሚዘንበው ዝናብም በየአቅጣጫው ይከፈላል። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወርደው በጋይንትና በስማዳ ገደል እየተንደረደረ ወደ በሽሎና ወደ አባይ ይገባል፤ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ግን ርብንና ጉማራን ሞልቶ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ፣ ጣና ይደርሳል። በጉና ወገብ ላይ ያለው እርሻ እንዴት እንደ ተያዘ ዘግይቶም ቢሆን የሚያውቀው በጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ነው።

የባሕሩ ጠባይ

ጣና በስፋቱ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው፤ እጅግ ጠለቀ በተባለበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን ነገር ነጋዴ ሊያስተውለው ይገባል። ጥልቅ ባሕር አንድ ሜትር ቢጐድል ዳርቻው ብዙ አይለወጥም፤ እንደ ትልቅ ሰፌድ የተዘረጋ ሐይቅ ግን አንድ ሜትር ሲጐድል ዳርቻው እጅግ ርቆ ይሸሻል፤ ትናንት ጀልባ የቆመበትም ስፍራ ዛሬ ጭቃ ሆኖ ይገኛል።

ወደ ሐይቁ የሚገቡት ወንዞች ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከሚገባው የወንዝ ውኃ ከዘጠኝ እጅ በላይ የሚሆነውን ከአሥር እጅ የሚያመጡት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የተባሉት አራቱ ናቸው። ክረምቱ ሲያልፍ ሐይቁ ሞልቶ ይታያል፤ በጋው እየገፋ ሲሄድ ይቀንሳል፤ ዝናብ ከመጀመሩ በፊትም ዝቅተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል። ጠዋት ጠዋት ውኃው የረጋ ስለሆነ ባለ ታንኳዎች ማልደው ይነሣሉ፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ትንሹን ታንኳ ያስቸግራል። ስለዚህ በጣና ላይ ዕቃ የሚያስጭን ሰው ከሰዓት ይልቅ ነፋስን ይቈጥራል።

ዘጌ፣ ደቅና የውኃው ንግድ

በሐይቁ ውስጥ 37 ያህል ደሴቶች ሲኖሩ፣ ከእነዚህም በብዙዎቹ ላይ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ይገኛሉ። ከደሴቶቹ ትልቁ ደቅ ነው፤ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም የሚገኘው በዚሁ ነው። የደቅ ሰው አርሶ የሚበላ ገበሬ ነው፤ የሚሸጠውን ወደ ገበያ ለማድረስና የሚገዛውን ወደ ቤቱ ለመመለስ ግን ከውኃ በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ለነጋዴ ይበልጥ የሚያስገርመው የዘጌ ነገር ነው። ዘጌ ከባሕር ዳር በስተ ሰሜን ምዕራብ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ሲሆን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በደን የተሸፈነ ነው። በአቡነ በትረ ማርያም ትእዛዝ እንደ ተጀመረ በሚነገረው ትውፊት መሠረት በዚያ መሬት አይታረስም፤ የእርሻ ከብትም አይረባበትም። ሕዝቡ የሚተዳደረው በዛፎቹ ጥላ ሥር በሚበቅለው ቡናና ጌሾ፣ በፍራፍሬና በእንጨት ነው። እህሉን ግን ከውጭ ይገዛል። ቡናና ጌሾ ወጥቶ ጤፍ ወደሚገባበት አገር ገበያው የግድ ነው፤ ለዘጌም ብዙ ዘመን የገበያው መንገድ ውኃው ነበር። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የማገዶ እንጨት ከአፍ እስከ ገደፉ ተከምሮባቸው የሚጓዙት የደንገል ታንኳዎች ሐይቁን ለጐበኘ ሰው ሁሉ የታወቁ ናቸው።

ለረጅም ጉዞ የሞተር ጀልባ በጣና ላይ የተለመደው ከኢጣልያ ወረራ ዘመን ጀምሮ ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንድ ቀን ከባሕር ዳር የሚነሣ ጀልባ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ እያረፈ በማግስቱ ጐርጎራ ይደርስ ነበር። በእነዚህ ወደቦች ዙሪያ ለሚኖረው ሕዝብ የጀልባው ቀን የገበያ ቀን ነበር፤ ሰውና እህል፣ ዶሮና ጨው፣ ደብዳቤና ቆርቆሮ በአንድ ላይ ይጫኑ ነበር።

ደንገልና ባለሙያዎቹ

የጣና ታንኳ የሚሠራው ደንገል ከሚባለው የውኃ ዳር ተክል ነው። ይህ ተክል የጥንት ግብጻውያን የመጻፊያ ወረቀት ያበጁበት የነበረው ነው። አገዳው ሦስት ማዕዘን ሲሆን፣ ውስጡ እንደ ሰፍነግ የሳሳና አየር የያዘ ስለሆነ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ደንገሉ ከታጨደ በኋላ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ ሆኖ በገመድ እየተጠፈረ ወለሉና ጐኑ ይሠራል፤ አፉም ወደ ላይ ይቀናል። በወለሉ ላይ ሌላ የደንገል ነዶ ይነጠፍበታል፤ ቀዛፊው የሚቀመጠውና ጭነቱ የሚያርፈው በዚህ ላይ ስለሆነ፣ ውኃ ከታች ቢገባም ዕቃው ቶሎ አይርስም።

ይህን ሥራ ከጥንት ጀምሮ አጥብቆ የያዘው ነገደ ወይጦ የተባለው የሐይቁ ዳርቻ ሕዝብ ነው። ወይጦዎች የቀደሙት የጣና ባሕረኞች ናቸው ማለት ይቻላል። ሙያቸው ለገዳማቱም፣ ለገበሬውም፣ ለነጋዴውም ያገለገለ ሆኖ ሳለ፣ ራሳቸው ግን ብዙ ዘመን በንቀት ዐይን ሲታዩ ኖረዋል። የከተማው መስፋፋትና የደንገሉ መቀነስ ደግሞ መሥሪያቸውንና ጥሬ ዕቃቸውን በአንድነት አጥብቦባቸዋል። ጥሬ ዕቃ ያጣ አንጥረኛ ወይም ሸማኔ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ነጋዴ የታንኳ ሠሪውን ችግር ለመረዳት አይቸግረውም።

የደንገል ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው፤ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ከጥቂት ወራት አገልግሎት በኋላም ይበሰብሳል። ስለዚህ ባለቤቱ ጉዞውን ሲፈጽም ከውኃ አውጥቶ በፀሐይ ያደርቀዋል። ሆኖም ከውጭ አገር አንድ ሳንቲም ሳይወጣበት፣ ያለ ብረትና ያለ ነዳጅ የሚሠራ የጭነት መጓጓዣ በመሆኑ፣ ገንዘብ ለሌለው ሰው ንግድ የሚጀመርበት በር ነው። አንድ የዘጌ ሰው ጀልባ ለመግዛት ብድር መፈለግ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ደንገሉ በዳርቻው ላይ በቅሎ እንዲቈየው ብቻ ነው።

ይህ ተክል ጥንካሬው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ በዓለም ፊት የተፈተነበት ጊዜም ነበር። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ታላቁን ውቅያኖስ አቋርጠው ሊሆን ይችላል ብሎ ስላሰበ፣ ደንገል ከጣና ታጭዶ ወደ ግብጽ እንዲላክለት አደረገ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች በፒራሚዶቹ አጠገብ ራ የተባለውን መርከብ ሠሩለት። ይህም መርከብ በ1961 ዓ.ም. በግንቦት ወር ከሞሮኮ ተነሥቶ የአትላንቲክን ውቅያኖስ እጅግ ብዙውን ክፍል ካቋረጠ በኋላ፣ ከመድረሻው ጥቂት ሲቀረው ጅራቱ ውኃ ውስጥ እየጠለቀ ስላስቸገረ ተተወ። በሚቀጥለው ዓመት ከኢትዮጵያ ደንገል፣ በቦሊቪያ ሰዎች እጅ የተሠራው ሁለተኛው ራ ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ደሴት ደረሰ። የጣና ዳርቻ ሣር ነው ተብሎ የሚናቀው ተክል አንድ ጊዜ የኤክስፖርት ዕቃ ሆኖ አትላንቲክን ተሻግሯል።

የ1995 ዓ.ም. ትምህርት

ሐይቁ ለነጋዴው ምን እንደሚያደርግ በግልጽ የታየው ባነሰበት ዓመት ነው። አባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ፣ የሚወጣውን ውኃ ለመቈጣጠር የሚያስችል ግድብ በ1988 ዓ.ም. ገደማ ተሠርቶ ነበር። ዓላማውም ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ ዓመቱን በሙሉ የማይቋረጥ ውኃ ለመስጠት ነው። በ1994 ዓ.ም. እና በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ ሲያጥር፣ ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀውም ውኃ ስላልቀነሰ፣ ሐይቁ በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከዚያ በፊት ተመዝግቦ ከሚታወቀው ሁሉ በታች ወረደ።

ውጤቱን ሁሉም አየው። ትልልቆቹ ጀልባዎች የሚንሳፈፉበት ጥልቀት ስላጡ የሐይቁ መጓጓዣ ለአራት ወር ያህል ተቋረጠ። በብዙ ስፍራ ደንገሉ ከውኃው ተለይቶ ደርቆ ጠፋ። ውኃው የሸሸበትን መሬት ገበሬዎች አረሱት፤ ዓሣውም የሚራባበትን የዳርቻ ሣር በማጣቱ ምርቱ ቀነሰ። አንድ ነገር ሲጐድል ጀልባው፣ ታንኳው፣ ዓሣውና ገበያው አብረው መጉደላቸውን ያን ዓመት የንግድ መዝገብ የያዘ ሰው ሁሉ ሊመሰክር ይችላል።

ከዚያም በኋላ የጣናን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ የሚያወርደው የጣና በለስ ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኀይሉም 460 ሜጋ ዋት ነው። ኤሌክትሪክ ለሱቁም፣ ለወፍጮውም፣ ለፋብሪካውም የሚያስፈልግ መሆኑን የሚክድ ነጋዴ የለም። ነገር ግን አንድ ውኃ ለመብራትም ለመጓጓዣም ለዓሣም የሚያገለግል ሲሆን፣ ክፍፍሉ በሚዛን ካልሆነ አንደኛው ወገን ያለ ድርሻ ይቀራል።

እምቦጭና ደለል

ሐይቁ ሲሞላም ችግር አልጠፋም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሐይቁ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ መታየቱ ተረጋገጠ። አበባው ሲያዩት ያማረ ነው፤ በውኃ ላይ እንደ ምንጣፍ ሲነጠፍ ግን ጀልባ አያሳልፍም፣ መረብ አያስጥልም፣ ከሥሩ ያለውንም ውኃ ብርሃንና አየር ያሳጣዋል። የዳርቻው ገበሬ በሺህ እየወጣ በእጁ ነቅሎታል፤ ማሽንም ተገዝቷል፤ ሆኖም አረሙ ከፍሬውም ከቅርንጫፉም ስለሚራባ ዛሬ ተነቅሎ ነገ ይመለሳል።

እምቦጭን የሚያሰባው ወንዞቹ ይዘውት የሚመጡት አፈርና ማዳበሪያ ነው። ጉማራና ርብ በክረምት ቀልተው ሲወርዱ የሚሸከሙት የጉናንና የዙሪያውን ደጋ የላይኛውን ለም አፈር ነው። የዚህ አፈር አንዳንዱ በፎገራ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ የፎገራ ሩዝ የሚበቅለውም ጐርፉ ከጥንት ጀምሮ ባነጠፈው በዚህ አፈር ላይ ነው። ከልክ ሲያልፍ ግን የወንዙ አልጋ በደለል ይሞላና ውኃው ሜዳውን ያጥለቀልቃል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጐርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ ማፈናቀሉ አይዘነጋም። የቀረውም ደለል ወደ ሐይቁ ገብቶ፣ አስቀድሞም ጥልቀት የሌለውን ውኃ የባሰ ያሳንሰዋል።

በዚህ መካከል ደንገሉ የሚሠራውን ሥራ መመልከት ይገባል። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ ደንገል ከወንዝ የሚመጣውን ደለል እንደ ወንፊት ያስቀረዋል፤ ለአምባዛና ለቀረሶ መራቢያ፣ ለወፎችም መጠጊያ ይሆናል። በኤውሮፓ ክረምት ሲበረታ ከዚያ የሚሰደዱ ቁራዎች ሳይሆኑ ረዣዥም እግር ያላቸው ክሬን የተባሉ ወፎች በጣና ዙሪያ ይከርማሉ፤ እነርሱን ለማየትም የውጭ አገር ጐብኚዎች ይመጣሉ። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የጣናን ሐይቅና ዙሪያውን ከዓለም የተጠበቁ የሰውና የተፈጥሮ ስፍራዎች ጋር የመዘገበው ይህን ሁሉ በመመልከት ነው።

የዓሣውም ነገር እንዲሁ ነው። በጣና ከሚገኙት ዓሣዎች መካከል ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ብዙ ዓይነት ሲኖረው፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ አይገኙም። ከእነርሱ በርካቶቹ ክረምት ሲገባ እንቍላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎችም ወንዞች ይወጣሉ፤ እንቍላሉም የሚያድገው ንጹሕ ጠጠር ባለበት ውኃ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሲስፋፋ፣ ዓሣው በወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰብ ጠብቆ መያዝ ተለመደ፤ ወንዙም ደለል ሞላው። ስለዚህ በሁለት ወገን ተጠቅቶ ቍጥሩ እጅግ አሽቈለቈለ። የጣና ዓሣ በጾም ወራት በከተማው ገበያ የሚፈለግ፣ ደርቆም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚላክ ሸቀጥ በመሆኑ፣ ይህ ጉዳት ሳይውል ሳያድር ወደ ነጋዴው ይመጣል።

የነጋዴው ሒሳብ

ማንኛውም ነጋዴ ዋናውን ገንዘብና ትርፉን ለይቶ ያውቃል። ትርፉን የሚበላ ነጋዴ ይቈያል፤ ዋናውን መብላት የጀመረ ግን ለጥቂት ጊዜ የበለጸገ መስሎ ይታይና ሱቁን ይዘጋል። በጣና ንግድ ደንገሉ፣ የሚራባው ዓሣ፣ የውኃው ከፍታና የጉና አፈር ዋና ናቸው። በየዓመቱ የሚታጨደው አገዳ፣ ያደገው ዓሣ፣ የሚከፈለው የጭነት ዋጋና የሚሸጠው እህል ትርፍ ናቸው። ደንገልን ለሩዝና ለሕንጻ ሲል ከነሥሩ የሚነቅል፣ በመራቢያ ወራት ከወንዝ አፍ የተያዘ ዓሣ የሚገዛ፣ ገደሉን እስከ ጫፍ ሲያርስ ዝም የሚል ሰው ዋናውን እየበላ ነው።

ነጋዴ ሕግ አያወጣም፤ ነገር ግን የሚገዛውንና የማይገዛውን ይመርጣል፤ ይህም ቀላል ሥልጣን አይደለም። ዓሣ ነጋዴው ከሐምሌ እስከ መስከረም ከወንዝ አፍ የሚመጣውን ዓሣ አልቀበልም ቢል፣ አጥማጁ በዚያ መረብ የሚዘረጋበት ምክንያት ይቀንሳል። ባለ ጀልባው ከወደብ ወደ ወደብ ከመጓዙ በፊት የእምቦጭ ቍራጭ በሞተሩና በመረቡ ላይ እንዳይቀር ቢያጸዳ፣ አረሙን ወዳልደረሰበት ስፍራ አያደርሰውም። የዕደ ጥበብ ዕቃ የሚሸጠውም ነጋዴ ከወይጦ ባለሙያዎች ሠርተው የሚያመጡትን በተገቢው ዋጋ ቢገዛ፣ ደንገል ቆሞ ሳለ ገንዘብ መሆኑን ለሁሉም ያሳያል።

የላይኛው አገር ነጋዴ ድርሻ ከዚህ አያንስም። ጋይንት፣ እስቴና ስማዳ ውስጥ ለገበሬ በዱቤ ዘርና ማዳበሪያ የሚሰጥ፣ እህሉንም በመከር የሚረከብ ነጋዴ፣ ገበሬው የሚሰማው ሰው ነው። እርከን የሠራውን፣ በእርሻው ድንበር ላይ ሣር የተከለውን ገበሬ በዱቤ ቢያስቀድም፣ የሚያተርፈው ራሱ ነው፤ አፈሩ የቀረለት ገበሬ ዕዳውን የሚከፍል ገበሬ ነውና። ከስማዳ የሚወርደው ውኃ ጣና ባይገባም፣ ያው አፈር ወደ አባይ ሲሄድ የወገዳ ገበያ ከእርሱ ጋር ይቀንሳል።

አበው «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ። ጣና በአያያዝ ጉድለት እየተቀደደ ያለ ማቅ ነው። ስፌቱም የሚጀመረው ከባሕር ዳር ወደብ ብቻ አይደለም፤ ርብና ጉማራ ከሚመነጩበት ከጉና ትከሻም ጭምር ነው።